የማይሰበረው ብሎክ

አዲስ የቪዲዮ ጨዋታ ሌቭል፣ ማለትም ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚታለፍ አንድ የጨዋታ ክፍል፣ መሥራት ስጀምር በባዶው ስክሪን ላይ ከሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው ጠላትም፣ ሳንቲምም፣ ሽልማት የተደበቀበት ሳጥንም አይደለም፤ የማይሰበረው ብሎክ ነው። በየትኛውም የፕላትፎርም ጨዋታ (ገጸ ባሕርዩ እየሮጠና እየዘለለ የሚያልፍበት ጨዋታ) ኤዲተር ወይም የሌቭል መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ከዕቃዎቹ ሁሉ ተራ መስሎ የሚታየው እርሱ ነው። ቢመቱት አይነቃነቅም፣ ቢቆሙበት አይሰምጥም፣ ከውስጡ የሚወጣ ነገር የለም፣ እሳትም ቦምብም አይበግረውም። ብዙ ጀማሪዎች የክፍት ቦታ መሙያ አድርገው ያዩታል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ከዚያ የተለየ ግምት አልነበረኝም። አሁን ግን አንድ ሌቭል ጥሩ ይሁን መጥፎ በአብዛኛው የሚወሰነው ይህ ብሎክ የት እንደ ተቀመጠና የት እንዳልተቀመጠ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቤን የለወጠው አንድ ትንሽ አጋጣሚ ነው። ከዓመታት በፊት ለራሴ ደስታ በሠራሁት አንድ ሌቭል መካከል 9 ብሎክ ከፍታ ያለው ቀጥ ያለ ግድግዳ ነበር። ገጸ ባሕርዩ መዝለል የሚችለው 4 ብሎክ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ግድግዳውን የሚወጣበት ሦስት መረገጫ በአየር ላይ አስቀመጥሁለት፤ አንዱን ከመሬት 3ኛው ረድፍ ላይ፣ ሁለተኛውን 6ኛው ላይ፣ ሦስተኛውን 8ኛው ላይ። መረገጫዎቹን የሠራሁት ከተራ ጡብ ነበር፤ ለዚህም ምክንያቴ የጡቡ ቀይ ቀለም ከጀርባው ሥዕል ጋር ያምራል የሚል ብቻ ነበር። ሌቭሉን ራሴ ደጋግሜ ተጫውቼ ሁልጊዜም በሰላም ስለ ጨረስሁት፣ አልቋል ብዬ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት።

ልጁ ግድግዳው ሥር ሲደርስ ገጸ ባሕርዩን የሚያሳድገውን ሽልማት አስቀድሞ አግኝቶ ስለ ነበር ጡብ በጭንቅላቱ መስበር ይችላል። የመጀመሪያውን መረገጫ ከሥሩ ሆኖ ዘሎ መታው፤ ጡቡ ተሰባብሮ ተበተነ፣ ድምፁም ደስ አለው። ወዲያው ሁለተኛውንም ደገመው። ሦስተኛው ብቻውን ከላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ግድግዳውን እየታከከ ደጋግሞ ዘለለ፤ በመጨረሻም ወደ እኔ ዞሮ «አሁን በየት ነው የምወጣው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በአካባቢው የሚገድለው ጠላት የለም፣ የሚወድቅበት ገደል የለም፣ የጊዜ ገደቡንም እኔው አጥፍቼዋለሁ። ልጁ ደግሞ ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ የሚሰበር ነገር ሰጠሁት፣ ሰበረው። ያን ዕለት ማታ ሦስቱን ጡቦች አንሥቼ በሦስት የማይሰበሩ ብሎኮች ተካሁ። ሌላ የነካሁት ነገር አልነበረም፤ ሌቭሉ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሌቭል ሆነ።

ጨዋታ ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ሁኔታ «ሶፍትሎክ» ይሉታል፤ ጨዋታው አልተበላሸም፣ ተጫዋቹም አልሞተም፣ ነገር ግን ወደ ፊት መሄድ ፈጽሞ አይቻልም። በእኔ ዕይታ ይህ ከሞት ይከፋል፤ ምክንያቱም የሞተ ተጫዋች ምን እንደ ተሳሳተ ያውቃል፣ ወዲያውም እንደገና ይጀምራል፤ የተቆለፈበት ተጫዋች ግን መውጫ ያለ እየመሰለው የሌለ በር ሲፈልግ ጊዜውን ያጠፋል። የጃፓኑ የጨዋታ ኩባንያ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሱፐር ማሪዮ ሜከር ማንም ሰው የሠራውን ሌቭል ለሌሎች ከማካፈሉ በፊት ራሱ እስከ መጨረሻው ተጫውቶ እንዲያሳይ ያስገድድ ነበር። ሊጠናቀቅ የማይችል ሌቭል ለሰው እንዳይደርስ የሚከለክል መልካም ደንብ ነው፤ ሆኖም ደንቡ የሚያረጋግጠው ቢያንስ አንድ መንገድ መኖሩን እንጂ ከዚያ መንገድ የወጣ ሰው መመለሻ እንዳለው አይደለም። ሠሪው የትኛውን ጡብ መስበር እንደሌለበት ያውቃልና አይሰብረውም። እኔም ሌቭሌን ደጋግሜ ጨርሼው ስህተቱን ያላየሁት ለዚህ ነው።

ስለ ብሎኮች ባሰብሁ ቁጥር የምመለሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ ወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ነው። የኒንቴንዶ ንድፍ አውጪዎቹ ሺጌሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ የዚያን ጨዋታ ሌቭሎች የነደፉት ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነው፤ በጨዋታውም ውስጥ እያንዳንዱ ብሎክ 16 ፒክሰል በ16 ፒክሰል ሲሆን 256 በ240 ፒክሰል የሆነው ስክሪን በአግድም 16፣ በቁመት 15 ብሎክ ይይዛል። በዚህ ጠባብ ሰሌዳ ላይ ጥቂት የብሎክ ዓይነቶች ብቻ ተሰልፈው አንድ ሙሉ ቋንቋ ይሠራሉ። ጡብ አለ፤ የጨዋታው ገጸ ባሕርይ ማሪዮ ገና ትንሽ ሳለ በጭንቅላቱ ሲመታው ወደ ላይ ነጠር ብሎ ይመለሳል እንጂ አይሰበርም፣ እንጉዳይ አግኝቶ ያደገው ትልቁ ማሪዮ ሲመታው ግን ይሰባበራል። ይህ ማለት ያው ጡብ ለአንዱ ተጫዋች መሬት፣ ለሌላው ተጫዋች አላፊ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሠሪው በጡብ ላይ የተመሠረተ መንገድ ሲሠራ ሁለቱንም ሁኔታ አስቦ መሥራት አለበት። ለሁለቱም እኩል የሆነው የማይሰበረው ብሎክ ብቻ ነው።

የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ነው። ተጫዋቹ ከሥሩ ሲመታው ሳንቲሙን ወይም እንጉዳዩን ይሰጥና ጨልሞ ባዶ ብሎክ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይሰብረውም። ይህን ዝርዝር ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ሳጥኑ ሽልማቱን ሰጥቶ ቢጠፋ ኖሮ፣ ሽልማት መውሰድ መንገድን ማፍረስ ይሆን ነበር፤ ተጫዋቹም ሳንቲም ባየ ቁጥር ልውሰድ ወይስ መቆሚያዬን ልጠብቅ እያለ ይጨነቅ ነበር። እንዳለ በመቅረቱ ግን ሳጥኑ ሁለት ጊዜ ያገለግላል፤ መጀመሪያ እንደ ስጦታ፣ ቀጥሎ እንደ መረገጫ። ያለ ስጋት መምታት የሚቻለው ቀሪው ነገር ጠንካራ ስለሆነ ነው።

በዚያው ጨዋታ የመጀመሪያ ሌቭል ማብቂያ አካባቢ ያሉትን ደረጃዎች በቅርብ ለተመለከታቸው ሰው ብሎኩ እንዴት እንደሚያስተምር ይታያል። መጀመሪያ ከማይሰበር ብሎክ የተሠሩ፣ 4 ብሎክ ከፍታ ያላቸው ሁለት ደረጃዎች ፊት ለፊት ቆመው ይገኛሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን ከሥሩ መሬት አለው። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሊዘል ሞክሮ የሳተ ሰው መሬት ላይ ያርፋል፤ የሚከፍለው ዋጋ የለም። ጥቂት እንደ ሄደ ተመሳሳይ ጥንድ ደረጃ ያገኛል፤ በዚህኛው ግን በመካከል ያለው መሬት ተነሥቶ ገደል ሆኗል። ዝላዩ ያው ዝላይ ነው፣ ልዩነቱ ስህተት አሁን ሕይወት ማስከፈሉ ነው። አንድም ቃል ሳይጻፍ፣ በብሎክ አደራደር ብቻ፣ መጀመሪያ ልምምድ ቀጥሎም ፈተና ተሰጠ። በመጨረሻ 8 ብሎክ ከፍታ ያለው ትልቁ ደረጃ ይመጣና ተጫዋቹን ወደ ባንዲራው ምሰሶ ያደርሰዋል፤ ምሰሶውን ከፍ ብሎ የያዘ የበለጠ ነጥብ ስለሚያገኝ ደረጃው የመጨረሻው ዝላይ መነሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በዚያ ጨዋታ ጡብ የሚሰበረው ከሥር ሲመታ ነው፤ ከመሬት ተነሥቶ የተደረደረ ደረጃ ደግሞ ከሥር የሚመታበት ቦታ የለውም። እነዚያ ደረጃዎች ከተራ ጡብ ቢሠሩም ኖሮ በተግባር ማንም አያፈርሳቸውም ነበር። ታዲያ ለምን በሌላ ብሎክ ተሠሩ? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ዐይን ነው። ጡብ ያየ ተጫዋች «ውስጡ ምን ይኖር ይሆን?» ብሎ ይቆማል፣ ይመታል፣ ይፈትሻል፤ ጠርዙ የተቀረጸውን ጠንካራ ብሎክ ያየ ተጫዋች ግን እዚያ የሚፈለግ ነገር እንደሌለ አውቆ ይረግጠውና ያልፋል። ብሎኩ «እኔ መንገድ ነኝ» ብሎ ይናገራል፤ ተጫዋቹም ሩጫውን ሳያቋርጥ ይሰማዋል።

በዚያ ዘመን የማይሰበር ብሎክ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ርካሽ ነው። ጨዋታው በሙሉ፣ ሥዕሎቹንም ጨምሮ፣ በ40 ኪሎባይት ካርትሪጅ (ጨዋታው የተጫነበት ተሰኪ ሣጥን) ውስጥ የገባ ሲሆን ጨዋታው የሚሠራበት መሣሪያ ራሱ የነበረው የሥራ ሜሞሪ 2 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በሌቭሎቹ ውስጥ ያለ ዕቃ በሁለት ባይት ይመዘገባል፤ አንድ ሙሉ ደረጃም እንደ አንድ ዕቃ ስለሚቆጠር ብሎኮቹ አንድ በአንድ መጻፍ አያስፈልጋቸውም። የሚሰበር ነገር ግን ሲሰበር መታወስ አለበት፤ ጨዋታው የተሰበረውን የሚያስታውሰው በስክሪኑ አካባቢ ላለው ቦታ ብቻ ነው፣ ስክሪኑም ወደ ኋላ ስለማይመለስ ያለፈው ሁሉ ይረሳል። የማይለወጥ ብሎክ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

ከማሪዮ ውጭ፣ መቆፈርና ማፍረስ ዋና ሥራ በሆነባቸው ጨዋታዎች ውስጥ የማይሰበረው ብሎክ ከመረገጫነት አልፎ እንቆቅልሹ ራሱ ይሆናል። ዳግላስ ስሚዝ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሎድ ራነር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ አይዘልም፤ የጡቡን ወለል በግራው ወይም በቀኙ ይቆፍራል፣ ጉድጓዱም ጥቂት ቆይቶ ይደፈናል። ከጡቡ መካከል ግን የማይቆፈር ጠንካራ ወለል አለ። ወለሉ ሁሉ የሚቆፈር ቢሆን ኖሮ ከታች ያለ ወርቅ ሁሉ ቀጥታ ከላይ ወደ ታች በመቆፈር ይገኝ ነበር፤ 150ዎቹ ሌቭሎችም አንድ ዓይነት በሆኑ። ወርቁን የከበበው ጠንካራ ወለል ተጫዋቹን ከየት ልግባ፣ ከገባሁስ በየት ልውጣ፣ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ስንት እርምጃ አለኝ የሚል ጥያቄ ውስጥ ያስገባዋል። ጨዋታው ከራሱ ኤዲተር ጋር ስለ ወጣ ብዙ ሰው ይህን በገዛ እጁ ሊሞክረው ችሏል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ቴክሞ ያወጣው «ሰሎሞንስ ኪ» የተባለው ጨዋታም እንዲሁ ነው። ጠንቋዩ ዳና ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ብሎክ መፍጠርና የፈጠረውን ማጥፋት ይችላል፤ የማይነኩት ብሎኮች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሥልጣን ማንኛውንም ክፍል በአንድ ዘዴ ያስፈታው ነበር። ስፔለንኪ የተባለው ጨዋታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሌቭሎቹን በኮምፒውተር እየፈጠረ፣ 4 በ4 በሆነ የክፍሎች አደራደር ከመግቢያ እስከ መውጫ የሚያደርስ መንገድ አስቀድሞ ያረጋግጣል። ተጫዋቹ በቦምብ ግድግዳውን እየናደ የራሱን መንገድ መክፈት ይችላል፤ ዙሪያውን የሚያጥረው የዳር ግድግዳ ግን አይናድም። ያ ሁሉ ነጻነት የሚቻለው ዳሩ ስለማይናድ ይመስለኛል።

ሎድ ራነር ውስጥ አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ከተራ ጡብ በመልክ የማይለዩ፣ ሲረግጧቸው ግን የሚያሳልፉ የሐሰት ጡቦች አሉት። ጨዋታው እንቆቅልሽ ስለሆነና ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ቦታውን ስለሚያስታውስ በዚያ ሊያስኬድ ይችላል። በፍጥነት በሚሮጥበት ጨዋታ ውስጥ ግን ጠንካራ የሚመስል የማይጸና ብሎክ ማስቀመጥ ከባድ ስህተት ነው እላለሁ። አንድ ጊዜ ብሎክ የከዳው ተጫዋች ከዚያ በኋላ ያለውን ብሎክ ሁሉ ይጠራጠራል፤ በየመረገጫው ላይ ቆም እያለ ይፈትሻል፤ ሠሪው ለሩጫ ብሎ ያዘጋጀው ቦታ ሁሉ የመርማሪ አካሄድ ይሆናል። አንድ ወጥመድ ያስገኘው ድንጋጤ ይህን ያህል ኪሳራ አያካክስም።

ስለዚህ መልኩ ላይ እንጠንቀቅ። የማይሰበረው ብሎክ ከሚሰበረው መለየት ያለበት ከተመታ በኋላ ሳይሆን ገና ከሩቅ ሲታይ ነው። በቀለም ብቻ መለየት አይበቃም፤ ቀይና አረንጓዴ ለይተው የማያዩ ብዙ ተጫዋቾች አሉ። ቅርጹም መለየት አለበት፤ የጡቡ የመጋጠሚያ መስመሮች ይታዩ፣ ጠንካራው ብሎክ አንድ ወጥ ሆኖ ጠርዙ በብርሃንና በጥላ ይቀረጽ። በጭንቅላት ሲመታም የታፈነ አጭር ድምፅ ይስጥ። አንዳንድ ሠሪዎች ምንም የማይሆን ነገር ድምፅ አያስፈልገውም ብለው ይተዉታል፤ ዝምታው ግን ተጫዋቹን በትክክል አልመታሁትም እንዴ እያለ ደጋግሞ እንዲሞክር ያደርገዋል።

በኮድ በኩልም ቢሆን ጥንካሬ ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር አይደለም። ኮምፒውተሩ ገጸ ባሕርዩን በሰከንድ 60 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል፤ በአንድ ፍሬም፣ ማለትም ከእነዚህ እርምጃዎች በአንዱ፣ የሚሄደው ርቀት ከግድግዳው ውፍረትና ከራሱ ስፋት ድምር ከበለጠ፣ በአንዱ ፍሬም ከግድግዳው ወዲህ በሚቀጥለው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይገኛል፤ መሃል ላይ የነካው ነገር የለም። ሌላው የተለመደ ችግር የመጋጠሚያ ችግር ነው። ወለሉ ጎን ለጎን ከተደረደሩ የተለያዩ ብሎኮች ሲሠራ ዐይን ለጥ ያለ ሜዳ ያያል፤ እንቅስቃሴንና ግጭትን የሚያሰላው የፊዚክስ ኢንጂን ግን በየብሎኩ ጎን ላይ ጠርዝ ያያል። ገጸ ባሕርዩ በክብደቱ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ ወለሉ ውስጥ በትንሹ ሲሰምጥ ከሚቀጥለው ብሎክ ጎን ጋር ይጋጭና ባልተጠበቀ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔ ይህን ችግር ያቃለልሁት ጎረቤታሞቹን ብሎኮች ለግጭት ስሌት አንድ ረጅም አካል አድርጌ በማዋሐድ ነው፤ በካሬ ሰሌዳ ላይ ብቻ በሚሠሩ ጨዋታዎች ደግሞ መጀመሪያ የአግድሙን፣ ቀጥሎ የቁመቱን እንቅስቃሴ ለየብቻ ማስላት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ገጸ ባሕርዩ አንዴ ጠንካራ ብሎክ ውስጥ ከተገኘ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄም የታወቀ ታሪክ አለው። በሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሌቭል 1-2 መጨረሻ አካባቢ ተጫዋቾች በትክክለኛ አዘላለል ማሪዮን ወደ ግድግዳው ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል ደረሱበት፤ ጨዋታውም ወደ መጣበት በመመለስ ፈንታ ወደ ፊት እየገፋ በግድግዳው ውስጥ ያሳልፈዋል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ቱቦ ገና መድረሻው በትክክል ባልተሞላበት ጊዜ ሲገባበት፣ ስክሪኑ ላይ ስሙ «ወርልድ -1» ተብሎ ወደሚታይ የውሃ ውስጥ ሌቭል ይወስዳል፤ በካርትሪጁ ቅጂ ላይ የዚያ ሌቭል መጨረሻ እንደገና ወደ መጀመሪያው ስለሚመልስ ማብቂያ የለውም። ተጫዋቾች ይህን በፍቅር ያስታውሱታል፤ እኔም ከሚወዱት አንዱ ነኝ፣ ነገር ግን በራሴ ሌቭል ውስጥ ቢደርስ አልደሰትም።

ይህን ሁሉ ስል ሌቭል በማይሰበር ብሎክ ይሞላ ማለቴ አይደለም። ሁሉም ነገር ጠንካራ የሆነበት ሌቭል ተጫዋቹ ምንም አሻራ የማይተውበት ኮሪደር ነው፤ ልጁ ጡቡ ሲበተን የተሰማው ደስታም እውነተኛ ደስታ ነበር። ስለዚህ አሁን የምሠራው በሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ሌቭሉን በሙሉ ከማይሰበር ብሎክ ብቻ፣ ያለ ጌጥና ያለ ጠላት፣ በግራጫ ቀለም እሠራዋለሁ፤ ዝላዮቹን በብሎክ እየቆጠርሁ እለካለሁ፣ ደስ እስኪለኝ ድረስም እጫወተዋለሁ። በሁለተኛው ዙር ወደ እያንዳንዱ ብሎክ እየሄድሁ ይህ ቢጠፋ መንገዱ ይቋረጣል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የሚያቋርጥ ከሆነ እንዳለ ይቀራል፤ የማያቋርጥ ከሆነ ጡብ፣ ሳጥን ወይም ባዶ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሲያልቅ ደግሞ ሌቭሉን ለመጨረስ ሳይሆን ለማፍረስ እጫወተዋለሁ፤ ሊሰበር የሚችለውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ሰብሬ፣ በቀረው ላይ እስከ ባንዲራው መድረስ መቻሌን አያለሁ።

ያ ግድግዳ ያለበት የእኔ ሌቭል አሁንም አለ። ሦስቱ ጠንካራ መረገጫዎች በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ከእነርሱ በስተ ግራ፣ ከመሬት ተዘሎ በሚደረስበት ከፍታ ላይ፣ ለማንም መንገድ ያልሆኑ ስድስት ጡቦች ደርድሬአለሁ። የእህቴ ልጅ እዚያ በደረሰ ቁጥር ስድስቱንም አንድ በአንድ ይሰብራል፤ ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞሮ ይወጣል።